ጥርስ ባዳ አይደለም

በፓኪ ሰፈር ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው የማያየው የሰው ዓይነት የለም። ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ እስከ ሐይቁ ዳር ባሉት ጠባብ መንገዶች ስመላለስ ሰካራሙንም፣ ነጋዴውንም፣ ከስብሰባ የሚመለሰውን ዲፕሎማትም አሳፍሬአለሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ግን ስለ አንድ ያገራችን ልጅና ስለ አንዲት የመንጋጋ ጥርሱ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ የታሪክ መምህር ነበርሁና ከኋላው ያለውን ታሪክ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልሆነልኝም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እዚህ በምንኖርበት በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ሩ ደ በርን ጥግ ላይ ቆሜ ሳለ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ወጣት ወደ መኪናዬ ተጠጋ። የከፈትሁትን ዘፈን ሰምቶ ኖሮ በአማርኛ ሰላምታ ሰጠኝ። አገጩንና አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሟል።

«ጋሼ፣ ሌሊት የሚሠራ ፋርማሲ ካለ ያድርሱኝ፤ ከዚያ ወደ ቤቴ» አለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጥርሴን ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ሕመሙ ቀለል ብሎልኛል፤ እብጠቱ ነው የቀረው። ሰኞ ሐኪም እፈልጋለሁ።»

ሲናገር ቃላቱ ይድበሰበሳሉ። ምራቁን መዋጥ አቅቶት በየጊዜው በሶፍት ይጠርጋል። የመኪናውን መብራት አብርቼ ሻርፑን እንዲያነሣ ጠየቅሁት። እብጠቱ ከጉንጩ ወርዶ አገጩ ሥር ገብቷል፤ አንገቱም ተወጥሯል። አፉን እንዲከፍት ብነግረው ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል እንኳ አልከፈት አለው።

«የምወስድህ ፋርማሲ ሳይሆን ሆስፒታል ነው» ስለው ደነገጠ።

«ለጥርስ? ሂሳቡን ማን ይከፍልልኛል? ጋሼ፣ ጥርስ እኮ አይገድልም!»

ይህችን ቃል ከዚያ በፊት አውቃታለሁ። በሌላ ሰው ላይ የተናገርኋት እኔ ራሴ ነበርሁ።

በሀገር ቤት ሳለሁ ሆስፒታል ካለበት ከተማ የሦስት ሰዓት የመኪና መንገድ በሚርቅ ትንሽ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። በፈተና ሰሞን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጉንጩን በነጠላ አስሮ ፈቃድ ሊጠይቀኝ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ፈተናው እንዲያመልጠው አልፈለግሁም። «ነገ እኮ ያልቃል፤ ቅርንፉድ ነክሰህበት ታገሥ፤ ጥርስ አይገድልም» አልሁት። እሺ ብሎ ተቀመጠ፤ ፈተናውንም ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት መንገድ ላይ ትንፋሹ ተቋረጠ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ አባቱ እጄን ይዘው «መምህር፣ ጥርስ ሰው ይገድላል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚህ ተሰድጄ መጥቼ፣ ተሳፋሪ በማይኖርበት ሰዓት መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእኚያ አባት ያኔ ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

ያገራችን ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና ነው። ለጨዋታ መልካም አባባል ነው። በአካል በኩል ግን ጥርስ ባዳ አይደለም። ሥሩ አጥንት ውስጥ የተተከለ፣ የራሱ ደም ሥርና ነርቭ ያለው የቅርብ ዘመድ ነው። ጥርስ ሲበሰብስ ተህዋሲያኑ በመካከሉ ባለው ቦይ ወርደው ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ይቋጥራሉ። መግሉ መውጫ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ድድን ቀዶ ወደ አፍ ይወጣል፤ ይህ የተሻለው ዕድል ነው። የታችኛዎቹ የኋላ መንጋጋዎች ሥር ግን የአፍን ወለል ከተሸከመው ጡንቻ በታች ስለሚደርስ፣ መግሉ በምላስ ሥርና በአገጭ ሥር ወዳሉት ስስ ቦታዎች፣ ከዚያም ወደ አንገት፣ ሲብስም ወደ ደረት ሊወርድ ይችላል። የላይኛው ጥርስ መግል ደግሞ ወደ ዓይን ዙሪያ፣ አልፎ አልፎም ወደ አንጎል ሊያመራ ይችላል። ምላስ ከሥሩ አብጦ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሲገፋ የአየር መንገድ ይዘጋል። ልጁን የገደለው እንግዲህ ሕመሙ ሳይሆን መታፈን ነበር።

ይህን በሽታ በሚገባ ለይቶ የጻፈው ቪልሄልም ፍሪድሪኽ ፎን ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ዘመኑ 1836፣ ቦታው ከዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል የምትርቀው ሽቱትጋርት ነበረች። ሐኪሞች እስከ ዛሬ «የሉድቪግ አንጂና» ይሉታል፤ አንጂና የሚለው ቃል ማነቅ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። የመግል መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ይህ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች ከግማሽ የማያንሱት ይሞቱ እንደነበር የሕክምና መጻሕፍት ይናገራሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ የለንደን ከተማ የሟቾችን ቍጥር ከነምክንያቱ ስታስመዘግብ «ጥርስ» ራሱን የቻለ የሞት ምክንያት ነበር። በ1632 ብቻ 470 ሰዎች በዚህ ርዕስ ሥር ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ ጥርስ በማብቀያ ዕድሜያቸው በሌላ በሽታ የሞቱ ሕፃናት እንደሆኑ ይገመታል። ቢሆንም ጥርስ ይገድላል ቢባል በዚያ ዘመን የሚደነቅ አልነበረም። ዛሬ ሀብታም በሆነችው በዚህች አውሮፓ ሳይቀር ሰው ጥርሱን የሚፈራበት ዘመን ነበረ ማለት ነው።

የሕመሙን ምክንያት በተመለከተም እኛና ሌላው ዓለም ብዙ አልተለያየንም። የጥንት ባቢሎናውያን ጥርስን የሚበላው ትል ነው ብለው ድግምት ይደግሙበት ነበር። በእኛም ሀገር ስለ ጥርስ ትል ያልሰማ የለም፤ የእንቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጥለው ጭሱን አፋቸውን ከፍተው የሚታጠኑ ሰዎች በልጅነቴ አይቻለሁ። በአውሮፓ ይህን የትል ነገር በመጽሐፍ ከተቃወሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ነው፤ ስለ ጥርስ ሕክምና የጻፈው ትልቅ ሥራ የታተመው በ1728 ነበር።

የአባቶቻችን ዕውቀት ሁሉ ከንቱ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። መፋቂያችን ጥርስን በእርግጥ ያጠራል። ቅርንፉድ ሕመም የሚያደነዝዝ ቅመም እንዳለው የዛሬ ሐኪሞችም ያውቃሉ፤ ከእሱ የወጣ ዘይት በጥርስ ሕክምና ሲሠራበት ኖሯል። ችግሩ ሌላ ነው። የማደንዘዝ ጥበብ ነበረን፤ የመንቀል ጥበብም በጉጠት ነበረን፤ በሁለቱ መካከል አደጋውን ለይቶ የማወቅ ጥበብ ግን አልነበረንም። አንዳንዴም አደጋ የሌለበት ቦታ አደጋ ፈጥረናል። ለዚህ ማስረጃው ግግ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ገና ያልበቀለውን የክራንቻ ጥርስ እብጠት «ግግ ነው» ብለው በስለት ጎርጉረው ያወጡታል። በዚህም ደም መፍሰስ፣ መመረዝና መንጋጋ ቆልፍ ይከተላል፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። ይህን ከመሰሉ ጎጂ ልማዶች ጋር የታገለው የአፍሪካ ሀገሮች ኮሚቴ በ1984 በዳካር ሲቋቋም ለብዙ ዓመታት የመሩት ኢትዮጵያዊቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ራስወርቅ ነበሩ። የኮሚቴው ዋና ጽሕፈት ቤት አዲስ አበባ ሲሆን ሁለተኛው ቢሮው እዚሁ ጄኔቭ ነበር። ስለ ሀገራችን ሕፃናት ድድ በዚህች ከተማ ብዙ ወረቀት ተጽፏል፣ ብዙም ተመክሯል ማለት ነው።

ጥርስ ከገዳይነት ወደ ተራ ሕመምነት የወረደው በጥቂት ግኝቶች ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ማደንዘዣ ነው። በ1844 ሆራስ ዌልስ፣ በ1846 ደግሞ ዊሊያም ሞርተን በአሜሪካ በጋዝና በኤተር አደነዘዙ። ሁለቱም የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ፤ ዛሬ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሰው ተኝቶ የሚያልፈው በጥርስ ነቃዮች ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሁለተኛው ራጅ ነው። በ1895 ራጅን ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን የተማረው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአጼ ምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ የሆነው አልፍሬድ ኢልግም የወጣው ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው። በ1896 መባቻ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ ለማስነሣት ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳይንቀሳቀስ በጨረሩ ፊት ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሥር ላይ የተደበቀ መግል በዓይን የሚታይ ሆነ። ሦስተኛው ፔኒሲሊን ነው። ፍሌሚንግ በ1928 ሻጋታው ተህዋስ ሲገድል አየ፤ ፍሎሪና ቼይን በኦክስፎርድ መድኃኒት አድርገው በ1941 ለሰው ሰጡት። እዚህ ጄኔቭ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1881 ነው። በእኛ በኩል ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል የላካቸው ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው የመሠረቱት ሥራ ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መነሻ ሆነ።

መድኃኒትና መሣሪያ ብቻውን ግን ያን ተማሪዬን አያድነውም ነበር። ከመድኃኒቱ በፊት የሚያስፈልገው አንድ ዕውቀት አለ፤ እሱም የተወለደው በጦር ሜዳ ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ላሬ ቁስለኞችን በማዕርጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት እየለየ ያክም ነበር። ፈረንሳዮች ይህን «ትሪያዥ» ይሉታል፤ እህልን እንደሚያበጥሩ ሁሉ ሕመምተኛን መለየት ማለት ነው። ቁም ነገሩም ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሚታየው አብዝቶ የሚጮኸው አይደለም፤ ለሞት የቀረበው ነው። ለሞት የቀረበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ያለው ነው። የጄኔቩ ተወላጅ ሄንሪ ዱናን በ1859 በሶልፌሪኖ የጦር ሜዳ ተመልካች አጥተው የሚሞቱትን ቁስለኞች አይቶ በ1862 መጽሐፍ ጻፈ። በ1863 በዚህችው ከተማ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ተመሠረተ፤ በ1864 የመጀመሪያው የጄኔቭ ስምምነት ተፈረመ።

የእኛ ሀገርም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በ1935 ሐምሌ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዶክተር ማርሴል ዡኖና ሲድኒ ብራውን የተባሉ ሁለት የስዊስ ሰዎች ከጄኔቭ ተልከው ኢትዮጵያ ገቡ። በፓኪ ሐይቅ ዳር ባለው በፓሌ ዊልሰን በኩል ባለፍሁ ቁጥር ያን ዘመን አስባለሁ፤ ከ1920 እስከ 1936 የመንግሥታት ማኅበር መቀመጫ ይህ ሕንጻ ነበርና። በታኅሣሥ 1934 ወልወል ላይ የተነሣው ግጭት ትንሽ እብጠት ነበር። ማኅበሩ ዛሬ ነገ ሲል ጦርነቱ በጥቅምት 1935 ተጀመረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ቆመው ሲናገሩ ጊዜው አልፎ ነበር። እብጠትን «ሰኞ እናየዋለን» ማለት ምን እንደሚያስከትል ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የለም።

እንግዲህ ይህንኑ የመለየት ጥበብ ወደ ጥርሳችን እንመልሰው። ከሐኪሞች ጠይቄ የተማርሁትን በሦስት ደረጃ ከፍዬ አቀርበዋለሁ።

የመጀመሪያው ደረጃ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬደው ነው። ጥርሱን የሚያመው ሰው ትንፋሽ ካጠረው፤ ምራቁን መዋጥ ከተሳነው፤ አፉን መክፈት ካቃተው፤ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ምላሱ ወደ ላይ ከተነሣ፤ እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ ወይም ዓይኑን ከዘጋው፤ እብጠት ከብርቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከማለት ጋር ከመጣ፤ ወይም ሰውየው ከተዘባረቀበት፣ ቀጠሮ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም። እዚህ ስዊዘርላንድ የአምቡላንስ ስልክ 144 ነው። ቋንቋው ለሚቸግረው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ በጄኔቭ «ዠ ነ ፐ ፓ አቫሌ»፣ በዙሪክ «ኢኽ ካን ኒሽት ሽሉከን»፤ ሁለቱም «መዋጥ አልቻልሁም» ማለት ነው። በአደጋ መንጋጋው የተሰበረም ከዚሁ ይመደባል። ሌላም አለ፤ የታች መንጋጋ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ምክንያቱ ጥርስ ሳይሆን ልብ ሊሆን ይችላልና 144 መደወል ነው።

ሁለተኛው ደረጃ በዚያው ቀን የጥርስ ሐኪም የሚያሻው ነው። ጉንጭ ወይም ድድ ካበጠ፤ ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ፤ ጥርስ በምት ከወለቀ ወይም ከተነቃነቀ፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰውበት ደሙ ካልቆመ፣ እስከ ሰኞ አይጠበቅም። በየከተማው ቅዳሜና እሑድም ተረኛ የጥርስ ሐኪም አለ፤ በዙሪክ ካንቶን በ0800 33 66 55 ቀንም ሌሊትም በነጻ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ስኳር ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴት፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሌላው ሰው ቀድሞ መሄድ አለበት።

ሦስተኛው ደረጃ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነው። የወደቀ ሙሌት፣ ጫፉ የተሸረፈ ጥርስ፣ ቀዝቃዛ ሲነካው ቅጽበት ጠዝጥዞ የሚተው ሕመም፣ ሲቦርሹት ጥቂት የሚደማ ድድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢታይ ይደርሳል። «ይደርሳል» ማለት ግን ይረሳል ማለት አይደለም፤ የአንደኛው ደረጃ ሕመምተኛ ሁሉ አንድ ቀን በሦስተኛው ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያታልለውን ልንገራችሁ። ሲጠዘጥዝ የሰነበተ ጥርስ በድንገት ዝም ሲል ብዙ ሰው ተመስገን ብሎ ይተኛል። ብዙ ጊዜ ግን ዝም ያለው ነርቩ ስለሞተ ወይም መግሉ አጥንቱን ሰብሮ ስለወጣ ነው። ሕመም ቀንሶ እብጠት ከጨመረ፣ ዳነ ሳይሆን ባሰ ማለት ነው። የፓኪው ወጣት «ዛሬስ ቀለል ብሎልኛል» ያለኝ ጊዜ የፈራሁት ለዚህ ነው።

ስለ ወለቀ ጥርስ ለብቻው አንድ ነገር ልጨምር። ዙሪክ የምትኖር አንዲት ዘመዴ አንድ እሑድ ደወለችልኝ። የአሥር ዓመት ልጇ ከብስክሌት ወድቆ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወልቋል። ጥርሱን በሳሙና አጥባ፣ በሶፍት ጠቅልላ፣ ለማግስቱ አስቀምጣዋለች። በልጅነታችን የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ እንወረውር ስለነበር ጥርስ አንዴ ከወጣ ወጣ ብለን እናስባለን። የወተት ጥርስ ከሆነ እውነት ነው፤ እሱ አይመለስም፣ መመለስም የለበትም። ቋሚ ጥርስ ግን ፈጥኖ ከተመለሰ፣ በተለይም በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ሊይዝ ይችላል። ሥሩን ሳይነኩ በነጩ በኩል መያዝ፤ ከቆሸሸ በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ለአፍታ ብቻ ማለቅለቅ፤ ከተቻለ ወደ ቦታው መልሶ ንጹሕ ጨርቅ ማስነከስ፤ ካልተቻለ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ከትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሥሩ ላይ ያሉት ሕይወት ያላቸው ክሮች ከደረቁ ጥርሱ አይይዝም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት አባቶቻችን ስለ ጥርስ ባይሆንም እዚህ ላይ ልክ ገብቷል። የዘመዴ ልጅ ጥርስ ደርቆ ቀረ።

ማድረግ የማይገባንንም ላስታውስ። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ሥጋውን ያቃጥላል፤ አረቄም እንዲሁ። እብጠትን በትኩስ ነገር መተኮስ ደግ አይደለም። ከሀገር ቤት የመጣ ወይም ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ሁለትና ሦስት ፍሬ መዋጥ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ መግሉ ካልወጣና ጥርሱ ካልታከመ ይመለሳል። ማስታገሻውም ቢሆን መጠን አለው። ዳፋልጋን የምንለው ፓራሲታሞል ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ስምንት ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም። በልዩ ልዩ ስም የሚሸጡ መድኃኒቶች ውስጥ ይኸው ቅመም ስላለ፣ በጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሙሉ ሲደራርቡ አድረው ጉበታቸውን የጎዱ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙዎቻችንን የሚያስቀረን እሱ ነውና። በ1994 ሕዝብ በድምፅ ያጸደቀውና ከ1996 ጀምሮ የሚሠራበት የሕመም መድን ሕግ ተራ የጥርስ ሕክምናን አይሸፍንም። ይህን ለመለወጥ በቮ ካንቶን በ2018፣ በጄኔቭ ደግሞ በየካቲት 2019 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ሁለቱም ውድቅ ሆኑ። ስለዚህ ሂሳቡን መፍራታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ሦስት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሕጉ ለከባድ የአፍና የመንጋጋ በሽታ በር ትቷል፤ ከጥርስ ተነሥቶ ሆስፒታል የሚያስተኛ በሽታ እንደሁኔታው በመድኑ፣ ማለትም በካስ ማላዲ ወይም በክራንከንካሰ፣ ሊሸፈን ስለሚችል ሳይጠይቁ አይቀመጡ። ሁለተኛ፣ በምት የወለቀ ጥርስ አደጋ ነው፤ በአንድ አሠሪ ዘንድ በሳምንት ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስበት አደጋም መድን አለው። ሦስተኛ፣ ጥገኝነት ጠያቂ የሆነ ወይም በማኅበራዊ እርዳታ የሚኖር ሰው አስቸኳይ የጥርስ ሕክምናውን ለሚከታተለው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያመልክት። ለሕይወት የሚያሰጋው ሲመጣ ግን ሂሳብ አይቀድምም፤ ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ ያክማል፣ ስለ ክፍያው በኋላ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል መነጋገር ይቻላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የተባለው ዕዳውን ፈርቶ ለሚሸሽግም ጭምር ነው።

ያን ሌሊት ወጣቱን ሳልሰማው ሆስፒታል አደረስሁት። ሜትሩን ያጠፋሁት ከፓኪ ሳልወጣ ነው። በር ላይ ያገኘችን ነርስ ፊቱን አይታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ «መዋጥ ትችላለህ?» ራሱን ሲነቀንቅ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ አሳልፋ ወደ ውስጥ አስገባችው። ክንዱ ተሰብሮ የሚጮህ ሰው ነበር፤ እሱን አላስቀደመችም። ከላሬ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ጥበብ በዚያች በር ላይ ሲሠራ አየሁት። ወጣቱን በዚያው ሌሊት አንገቱን ቀደው መግሉን አወጡለት፤ ጥርሱንም ነቀሉት። ሳምንት ያህል ተኝቶ ወጣ። ዛሬ ከአገጩ ሥር የአንድ ጣት ስፋት ጠባሳ አለችው፤ ጢሙ ሸፍኗታል።

በቀደም ፓኪ ውስጥ ቡና ስንጠጣ «ጋሼ፣ ያን ሌሊት ቤቴ ቢያደርሱኝ ኖሮ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ተማሪዬ ያን ጊዜ ነገርሁት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «አባቱ በሕይወት አሉ?» አለኝ። አሉ። ባለፈው ዓመት ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልሁላቸው። «አዎ አባባ፤ ጥርስ ሰው ይገድላል፤ ያን ቀን ልጁን መልቀቅ ነበረብኝ» አልኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም «ለሌሎቹ ንገራቸው» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፤ እነሆ ነገርኋችሁ።